ፀሐይ ዳንግላ ላይ 12 ሰዓት አትወጣም

ፖስቱን አይታችሁታል። ጥቁር ጀርባ፣ ቢጫ ጽሑፍ፣ ከላይ «ይህን ያውቃሉ?» የሚል ርዕስ፣ ከታች የቻናሉ ስምና «ሼር ያድርጉ»። መሐል ላይ ደግሞ እንዲህ የሚል ነገር አለ፦ የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር በዓለም ብቸኛው ነው፤ ቀናችን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ስለዚህ እኛ አገር ፀሐይ ልክ 12 ሰዓት ትወጣለች፣ ልክ 12 ሰዓት ትጠልቃለች። ከሥሩ እሳት፣ ልብና ባንዲራ ተደርድሯል። አስተያየት መስጫው ላይ «ኩራቴ!» የሚል አለ፤ «ለልጆቻችን እናስተምር» የሚል አለ፤ አንዱ ደግሞ ምን አገባው፣ የሚከራይ ቤት ያስተዋውቃል።

እኔ የምኖረው ዳንግላ ነው። ዳንግላ ላይ ፀሐይ፣ ስልካችን በሚቆጥረው ሰዓት፣ በዓመት ውስጥ አንድም ቀን 12 ሰዓት ላይ አትወጣም። 12 ሰዓት ላይም አትጠልቅም። ስትፈጥን፣ ግንቦት ማለቂያ አካባቢ፣ 12 ሰዓት ከ10 ገደማ ብቅ ትላለች። ስትዘገይ፣ ጥር ውስጥ፣ 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የምትወጣው። በስተ ምሥራቅ ኮረብታ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ከዚያም ትቆያለች። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ጠዋት መነሳት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ምክንያቱም ምሥጢር አይደለም። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለች፤ ስለዚህ አንዷን ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። አገራችን የምትጠቀምበት ሰዓት፣ ያ ከግሪኒች በ3 ሰዓት የሚቀድመው፣ የተቀመረው ለ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መስመሩ የሚያልፈው ሶማሌ ክልል ውስጥ፣ ዋርዴር አጠገብ ነው። ዳንግላ ደግሞ ያለችው 37ኛው ዲግሪ አካባቢ ነው። ልዩነቱ 8 ዲግሪ፤ በ4 ሲባዛ 32 ደቂቃ። ፀሐይ በዋርዴር አናት ላይ ካለፈች በኋላ እኛ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅባታል ማለት ነው። የእኛ ትክክለኛ ቀትር ስለዚህ 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የቀረው መወዛወዝ የሚመጣው ምድር ዘንበል ብላ፣ ለዚያውም አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያለች ፀሐይን ስለምትዞር ነው።

አባቶቻችን ተሳሳቱ እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምለው። እነሱ ስልክ አልነበራቸውም፤ ጥላ ነበራቸው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ የገዛ ጥላውን በገዛ እግሩ፣ ጫማ በጫማ እየለካ ሰዓቱን ያውቅ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለየወሩ የተለያየ የጥላ ቁጥር የያዘ ሠንጠረዥ ነበራቸው፤ ምክንያቱም የጥቅምት ጥላና የሰኔ ጥላ አንድ እንዳልሆኑ ያውቁ ነበር። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ባሕረ ሐሳብና ሥነ ፈለክ ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን የጥላ ሠንጠረዦች ቁጭ ብሎ መርምሯቸዋል። ቀኑን ከፀሐይ መውጫ መቁጠርም እዚህ አገር ላይ ብልህ ነገር ነው። በዳንግላ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ስቶክሆልም ላይ በታኅሣሥ ቀኑ 6 ሰዓት ያህል፣ በሰኔ 18 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ እዚያ ከፀሐይ መውጫ ልቁጠር ያለ ሰው ያብዳል። እዚህ ግን ይሠራል፤ ምክንያቱም እዚህ ፀሐይ ትታመናለች። እንግዲህ አያቶቻችን ለክተው የሠሩትን ነገር ነው ዛሬ ሳንለካ የምንፎክርበት።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራችንን ልጆች አስጠናለሁ። ጥር ላይ አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ይህንኑ ፖስት ደብተሯ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ገልብጣው አየሁ። «አንቺ ጠዋት ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አልኳት። «11 ተኩል። ለእናቴ እሳት አቀጣጥላለሁ» አለችኝ። «12 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ወጥታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ዝም አለች። ትንሽ አሰበችና፣ «አይ ቲቸር፣ ገና ጨለማ ነው። ግን የጎረቤት ዲከረንስ ስለሚጋርደን ይሆናል።»

የጎረቤት ዲከረንስ! አዊ ውስጥ ለከሰል የምንተክለው ያ ቀጭን ዛፍ ፀሐይን ለአንድ ሰዓት ያህል አገተልን በሉ። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ጠዋት ጠዋት እሳት እያነደደች በዓይኗ የምታየውን እውነት፣ ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ቢጫ ጽሑፍ ስትል ካደችው። ዓይኗና ስልኳ ሲጣሉ ጥፋተኛ ያደረገችው ዓይኗን ነው። ለዓይኗ ሰበብ ፈለገችለት። እኔ የምከሰው ይህንን ነው። ከሰዓቱ ስህተት በላይ ልጅቷን የገዛ ዓይኗን እንድትጠረጥር ያስተማራት ልማድ ነው የሚያናድደኝ።

«ይህን ያውቃሉ?» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ይመስላል እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄ ምልክቱ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄ ማለት መልሱን ፍለጋ አንድ ሰው ከተቀመጠበት የሚያስነሳ ነገር ነው፤ ይኼኛው ግን ተቀመጥ፣ አድንቅ፣ ሼር አድርግ ነው የሚለው። እንዴት እንደታወቀ አይነግራችሁም። ማን እንደለካው፣ የት ቆሞ፣ መቼ፣ በምን፣ ምንም የለም።

«ብቸኛው» የሚለው ቃል ደግሞ የብቻው በሽታ ነው። እስቲ ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ጠይቁ። ናይሮቢም ሆነ ዳሬሰላም በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ»፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ የሚባለው ልክ እንደ እኛው ጠዋት ነው፤ እኛ አንድ ሰዓት ስንል እነሱም አንድ ሰዓት ይላሉ። ሚሊዮኖች ናቸው። 13 ወርም ቢሆን የግብፅ ኮፕቶች አሏቸው፦ 12 ባለ 30 ቀን ወራትና መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ወር፤ የዓመቱ ቁጥር ነው የሚለየው። 7ና 8 ዓመት ወደ ኋላ የሆንነውም «ስለዘገየን» ወይም «ፈረንጅ ስለሰረቀን» አይደለም። የክርስቶስን ልደት ዘመን ሁለት ሰዎች በተለያየ መንገድ ስላሰሉት ነው፤ የእስክንድርያው አኒያኖስ በአንድ በኩል፣ በ525 ዓመተ ምሕረት ሮም ላይ ያሰላው ዲዮናስዮስ በሌላ በኩል። እኛ የእስክንድርያውን ያዝን። በቃ። ይህ አሳፋሪም፣ ተአምርም አይደለም፤ ግን እኔ ከተአምሩ ይልቅ ይኼኛው ነው የሚጥመኝ፤ ምክንያቱም ከጎረቤት ጋር ያገናኘኛል። ሞምባሳ ያለ ባለ ሱቅ «ሳ ሞጃ» ሲል ሰዓቴ ከሰዓቱ ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ ብቸኛ ነኝ ብሎ ከመጎረር አይበልጥም?

አሁን ወደ ሁለተኛው ወገን ልዙር፤ እነዚህን ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ባላነሰ አልወዳቸውም። የሳይንስ ፌዘኞች ናቸው። አንድ ሁለት ቪዲዮ በእንግሊዝኛ ያዩና ያደጉበትን ሁሉ «ኋላ ቀር እምነት» እያሉ መሳቅ የሚወዱ። «ምች የሚባል ነገር የለም፤ ቫይረስ ነው» ይሏችኋል፤ ወሬውም እዚያ ላይ ያልቃል።

እስቲ ከዚህ እንጀምር። አያቴ ፀሐይ ላይ ውለሽ መጥተሽ ምች መታሽ ስትል ያየችው ነገር አለ፤ ሰውየው ፀሐይ ላይ ይውላል፣ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ከንፈሩ ላይ ያ የሚያቃጥል ቁስል ይወጣል። ምች ብለን የምንጠራው ብዙ ነገር ነው፤ ራስ ምታቱም ትኩሳቱም አለበት፤ የከንፈሩ ቁስል ግን በሕክምናው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ የሚያመጣው ነው። አዎ፣ ቫይረስ ነው። ነገር ግን ቫይረሱ አንዴ ከገባ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ደግሞ፣ በሕክምና መጻሕፍት በግልጽ የተጻፈው፣ ጠንካራ የፀሐይ ጨረር ነው። ስለዚህ አያቴ ማይክሮስኮፕ ሳይኖራት ትክክለኛውን ቀስቃሽ አግኝታለች። ፌዘኛው ደግሞ የበሽታውን ስም ይዞ ቀስቃሹን ጥሏል። ከሁለቱ ማን የበለጠ አስተዋለ?

ዳማከሴውስ? የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዳማከሴን ቅጠል ጭማቂ አይጥ ላይ ሞክረው ትኩሳት ሲያበርድ አይተዋል። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህ ማለት ሐኪም ቤት አትሂዱ ማለትም አይደለም። ግን እነዚያ ሰዎች «እናቶቻችን ይህን የሚሉት ለምን ይሆን?» ብለው ጠይቀው፣ ቅጠሉን ለቅመው፣ ለኩት። ከማድነቅም ከመሳቅም የተለየ ሦስተኛ መንገድ አለ ማለት ነው፤ እሱ ግን ላይክ አያስገኝም።

ፀሐይ እየወጣ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» እንላለን አይደል? ልጅ ሆነን እያጨበጨብን ሮጠንበታል። ጃፓኖች «የቀበሮ ሠርግ» ይሉታል፤ ዙሉዎች «የዝንጀሮ ሠርግ»። ማቲ ኩሲ የተባለ የፊንላንድ የፎክሎር ሊቅ ከዓለም ዙሪያ እነዚህን አባባሎች ሰብስቦ በ1957 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጓቸዋል። የሰው ልጅ በየአገሩ፣ ሳይነጋገር፣ አንድ ዓይነት ዝናብ አይቶ እንስሳ መዳሩና ማዋለዱ አይገርማችሁም? እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። ፌዘኛው ግን «ጅብ በዝናብ አይወልድም» ብሎ ሊያርመኝ ይመጣል። አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ማንም ጅብ አዋልዳለሁ ብሎ ፎጣ ይዞ አልወጣም።

ከዚህ ይልቅ ልጆቹን ሌላ ነገር ጠይቋቸው። የማርያም መቀነት ዳንግላ ላይ ስንት ሰዓት ትታያለች? ክረምቱን ሙሉ ይዘንባል፤ ታዲያ ቀትር ላይ መቀነቷን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የማስጠናቸው ልጆች በዚህ ጥያቄ ለሳምንት ተጨቃጨቁ፤ «አይቻለሁ» ያለው አንዱ ልጅ እንዲያውም ምስክር ጠርቶ ነበር፤ ምስክሩ ካደው። መልሱ ጂኦሜትሪ ነው። መቀነቷን ለማየት ፀሐይ ከጀርባችሁ መሆን አለባት፤ ብርሃኑ ከዝናቡ ጠብታ ውስጥ ተጠማዝዞ ወደ ዓይናችሁ የሚመለሰው ደግሞ የራሳችሁ ጥላ ከሚያመለክትበት አቅጣጫ በ42 ዲግሪ ገደማ ርቆ ነው። ፀሐይ ከ42 ዲግሪ በላይ ከፍ ካለች ቀስቱ በሙሉ ከአድማስ በታች ይወርዳል። ክረምት ላይ የእኛ ቀትር ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ለዚህ ነው መቀነቷ ወይ ጠዋት በምዕራብ፣ ወይ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ የምትታየው። ማንም መጽሐፍ ሳይገልጥ በአንድ ክረምት ማረጋገጥ ይችላል።

ዶሮውም እንደዚያው ነው። ሊነጋ መሆኑን በጨለማ እንዴት ያውቃል? እረኛውም፣ መንገደኛውም፣ ቄሱም ለዘመናት በዶሮ ጩኸት ሲነሱ ኖረዋል፤ ጥያቄው ግን ሁሌ «ፈጣሪ ነግሮት ነዋ» ተብሎ ይዘጋ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. ጃፓን፣ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች አውራ ዶሮዎችን ቀንና ሌሊት በማይለይበት ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ አስገብተው ጠበቁ። ዶሮዎቹ ብርሃን ሳያዩ በሰዓታቸው ጮኹ፤ ሰውነታቸው ውስጥ ሰዓት አለ። ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ቀድሞ የሚጮኸው የመንጋው አለቃ የሆነው አውራ መሆኑን፣ ሌሎቹ ተራቸውን ጠብቀው እንደሚከተሉ አሳዩ። ዶሮ ያላት ጎረቤቴ ይህን ስነግራት «ይኼንንማ ለማወቅ ጃፓን መሄድ ነበረብህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሌ መጀመሪያ የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ያልነበራት ነገር ጻፊው ያላት ሰው ነው።

እዚህ ላይ የዳንግላን የራሷን ታሪክ ላንሳ፤ የዳንግላ ልጅ ሆኖ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ዳንግላ ላይ ቆንስላ ነበራቸው፤ ቆንስሉ ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ይባላል። ሰውየው ወፍ ወዳድ፣ ካርታ ወዳድ፣ በአጠቃላይ መጠየቅ ያበዛ ሰው ነበር። የዓባይ ሸለቆ በዚያ ዘመን ካርታ ላይ በአብዛኛው በነጠብጣብ መስመር የሚታለፍ ነበር። ቺዝማን ከዳንግላ እየተነሳ፣ በበቅሎና በእግር፣ የዓባይን ጥግ ተከተለ፤ ጣናን ከነደሴቶቹ ዞረ፤ ያየውን ለክቶ ጻፈ። በ1936 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያሳተመው መጽሐፍ ዛሬም ይጠቀሳል። ከእሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ሰከላ ድረስ ሄደው ግሽ ዓባይን አይተዋል፤ ብሩስ እንዲያውም ከፓኤዝ 152 ዓመት ዘግይቶ መጥቶ እኔ ነኝ የመጀመሪያው ብሎ ተሟግቷል። ይቺን ሳነብ ሁሌ እስቃለሁ። ሁለቱም ሲመጡ ምንጩ አጠገብ ሰው ነበረ፤ ጠበሉን የሚጠጣ፣ ከብቱን የሚያሰማራ። ያ ሰው «የት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ በጣቱ አሳይቷል።

ታዲያ ይህን ተይዞ የሚሠራ ፖስትም አለ፦ «ዓባይን ፈረንጅ አገኘው የሚሉት ውሸት ነው፤ እኛ እናውቀው ነበር!» ልክ ነው፣ እናውቀው ነበር። በዚህ አልከራከርም። ግን ፖስቱን የጻፈው ልጅ ሰከላ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ጠይቋል? ከምንጩ እስከ ጣና ወንዙ በየመንደሩ ምን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ከአንድ ገበሬ አፍ ሰምቶ ጽፏል? አዊኛ የሚናገሩ ሽማግሌዎች ስለ ምንጮቻቸው፣ እንጅባራ አጠገብ ስላለው ስለ ዘንገና ሐይቅ፣ ስለ ወፎቻቸው የሚያወሩትን ማን ቀዳው? ፈረንጁን የምንከሰው ዕውቀታችንን ጠይቆ በስሙ ስለጻፈው ከሆነ፣ እኛ ሳንጠይቅም ሳንጽፍም «ኩራቴ» ማለታችን ምን ይባላል? ቺዝማን ቢያንስ በቅሎ ጭኗል።

ወደ ትምህርት ቤት እንምጣ፤ እዚህ ላይ አጭር ነኝ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። 8ኛ ክፍል ሳለሁ ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ ብዬ የጠየቅኩት አንድ መምህር «ፈተና ላይ አይመጣም» ብሎኝ አለፈ። መምህሩን አልወቅስም፤ 70 ልጅ በአንድ ክፍል ይዞ ነበር። ዛሬ የማስጠናቸው ልጆች ግን ይህችን ዓረፍተ ነገር ራሳቸው ተምረዋታል። አዲስ ነገር ባሳየኋቸው ቁጥር መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ያመጣው ቴሌግራም ነው አልልም፤ ጦርነትም፣ የመምህር ደሞዝም፣ የመጽሐፍ እጥረትም አለበት። ነገር ግን መልስ እንደ ከረሜላ ተጠቅልሎ ሲሰጠው ያደገ ልጅ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣበት የሚይዘው የሚጨብጠው የለውም።

አሁን ደግሞ የምትሉኝን አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም እንዲህ ያለ ቻናል አለው፣ ፊት ለፊት ነግሮኛል። «አቦ አታካብድ። ሕዝቡ ተጎድቷል፤ ሽሮ ተወዷል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ትንሽ የሚያስደስተው ነገር ብሰጠው ምናለበት? ከአንተ ኬንትሮስ የእኔ ኩራት ይሻለዋል።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። የተጎዳ ሰው ቀና የሚልበት ነገር ይፈልጋል። ይህን ሕዝብ ትንሽ ስላስደሰተ ማንንም ልቀጣ አልፈልግም።

ግን ያው እጅ፣ ያው ስልክ፣ ያው «ሼር ያድርጉ» ሌላም ነገር ይዞ እንደሚመጣ እሱም ያውቃል። «ከባሕር ዳር ዳንግላ መንገዱ ተከፍቷል።» «መንገዱ ተዘግቷል።» «እገሌ ሞቷል።» ማን አየ፣ የት፣ መቼ የለም። ፀሐይ 12 ሰዓት ትወጣለች የሚለውን ሳይጠይቅ ያሳለፈ ጣት ይህንንም ሳይጠይቅ ያሳልፈዋል፤ የሰዓቱ ወሬ ማንንም አይጎዳም፣ የመንገዱ ግን ልጅ የያዘች ሴት በሌሊት መናኸሪያ ያስወጣል፣ ወይም ታማሚ ቤቱ ያስቀራል። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ በዚህ ክልል የምንኖር ሁላችንም በአንድ መስመር ጽሑፍ ጉዞ ሰርዘናል፣ ጉዞ ጀምረናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት የሞባይል ኢንተርኔት በጠፋ ጊዜ ቢጫው ጽሑፍ አብሮ ጠፍቶ ነበር። ወሬ ግን አልጠፋም፤ ሰው ወደ መናኸሪያ እየሄደ ይጠይቅ ነበር።

እዚያ ያየኋቸውን ሴቶች ነው ለጓደኛዬ የነገርኩት። ቅቤና ድንች ይዘው ወደ ባሕር ዳር የሚነግዱ ናቸው። ሹፌር ሲደርስ ከበው ይይዙታል። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብቻ ብለው አይለቁትም። ከየት ተነሳህ? ስንት ሰዓት? የት የት ቆምክ? በዓይንህ ያየኸው ነው የሰማኸው? ከኋላህ የሚመጣ መኪና ነበር? አንዱ ሹፌር ከሌላው የተለየ ነገር ከተናገረ ሁለቱን ያገናኛሉ። ከሦስተኛው ሰምተው ነው የሚሳፈሩት። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ስለ ምርምር ዘዴ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አይሰጥም። እነዚሁ ሴቶች ቤታቸው ሲገቡ ሊጡ ዓይን እንዲያወጣ አብሲት መጣል እንዳለበት ያውቃሉ፤ የሚያውቁትም አንድ ቀን ሳይጥሉ ጋግረው ስላዩት ነው። አብሲቱ ሲበስል ዱቄቱ ይወፍርና የእርሾውን አየር ይይዛል፤ ምጣዱ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ፈንድቶ ይወጣል፤ እንጀራ ስለማይገለበጥ ዓይኑ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ጠይቋቸው፣ ሙሉውን ይነግሯችኋል፤ ከነ «እስቲ አንተ ሳትጥል ሞክረውና እይ»።

ጓደኛዬን ቻናልህን ዝጋ አላልኩትም። ያልኩት ይህን ነው፦ ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር አንዲት መስመር ጨምር፤ አንባቢው ራሱ እንዴት ሊያረጋግጠው እንደሚችል። ማረጋገጫ የሌለው ከሆነ አትለጥፈው። «ፎሎወር እቀንሳለሁ» አለኝ። ይቀንስ።

ለእናንተም አንዲት መስመር አለችኝ፤ ትንሽ ረዘም ትላለች። ሚያዝያ 11 ወይም 12 ቀን ቀጥ ያለ ዱላ ፈልጋችሁ ሜዳ ላይ ትከሉ፤ ቀጥ ማለቱን ድንጋይ ባንጠለጠላችሁበት ክር አረጋግጡ። ከ6 ሰዓት ጀምሮ የጥላውን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠጠር ምልክት አድርጉ። ዳንግላ ላይ ከሆናችሁ 6 ሰዓት ከ32 አካባቢ ጥላው ከዱላው ሥር ገብቶ ይጠፋል፤ ፀሐይ ልክ አናታችሁ ላይ ናት። ይህ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ሁለተኛው ነሐሴ 17 አካባቢ ነው፣ ያኔ ግን ደመናው አያሳያችሁም። በሁለቱ መሐል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ ጥላችሁም ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ለአውሮፓ ልጅ ተጽፎ የተተረጎመው መጽሐፋችሁ በፍጹም አይሆንም የሚለው ነገር ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ጥላው አጭር የሆነበትን ደቂቃ ከነከተማችሁ ስም ጻፉልኝ። የጅግጅጋው ከእኛ 24 ደቂቃ ገደማ መቅደም አለበት። ከዚህ በጣም ከራቀ ከሁለታችን አንዳችን ዱላውን አጣመን ተክለነዋል፤ በማግስቱ እንደግመዋለን።